ፌራሪ ኤፍኤፍን ለሁለት ልጆች ቤተሰብ ዋና መኪና ማድረግ ይቻላል ወይ?

ባለ ሲዬናው (ሰሜን ቨርጂኒያ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ወዳጆቼን ፊት ለፊት ብጠይቃቸው ሥቀው የሚያልፉትን ጉዳይ እዚህ ለማንሣት ደፈርኩ። የ44 ዓመት ሰው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ወንዱ 6 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ ገና ዓመት ከስድስት ወሯ ነው። ላለፉት 7 ዓመታት የምንነዳው ቶዮታ ሲዬና የተባለውን የቤተሰብ ቫን ሲሆን፣ ስለ እርሱ የምናገረው አንድም ክፉ ነገር የለኝም፤ ምናልባት የሰለቸኝም የማማርርበት ነገር በማጣቴ ሳይሆን አይቀርም። የልጅነት ሕልም ነበረኝ እያልኩ ላደክማችሁ አልፈልግም። ነገሩ የጀመረው ባለፈው መስከረም ልጄን ከዋና ትምህርት ስመልስ፣ አንድ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆሞ ያገኘሁትን ግራጫ ፌራሪ በመስኮቱ አሻግሬ ስመለከት፣ ከኋላው ሁለት የልጅ መቀመጫዎችና በመካከላቸው የፈሰሰ የብስኩት ፍርፋሪ ያየሁ ዕለት ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ እንዲህ ያለ መኪና የሚገዛው ልጆቹን ድሮ የጨረሰ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ያ መኪና ኤፍኤፍ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት የቀረበ፣ አራት መቀመጫ ያለውና የአራቱም ጎማዎች ጉልበት የሚሠራለት የመጀመሪያው የፌራሪ መደበኛ ምርት ሲሆን፣ ስሙም ይህንኑ አራት ቁጥር የሚያመለክት ነው። ባለ 12 ሲሊንደርና 6.3 ሊትር የሆነው ሞተሩ 660 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 3.7 ሴኮንድ ይበቃዋል። እኔን ያማለለኝ ግን ይህ ቁጥር አይደለም። የዕቃ መጫኛው 450 ሊትር መያዙና የኋላ መቀመጫዎቹ ሲታጠፉ 800 ሊትር መድረሱ ነው። ስለ ፌራሪ ሲወራ ስለ ዕቃ መጫኛ የሚጠይቅ ሰው ዕድሜው መግፋቱን ራሱ እየመሰከረ እንደሆነ አውቃለሁ። ያገኘሁት የ2012 ሞዴል 31,000 ማይል የሄደ ሲሆን ሻጩ 118,000 ዶላር ይጠይቅበታል። አዲስ ሳለ 300,000 ዶላር አካባቢ ያወጣ እንደነበር ሳስብ ርካሽ ይመስለኛል፤ ርካሽ መስሎ መታየቱ ራሱ ወጥመድ ሊሆን እንደሚችል ግን አይጠፋኝም።

ባለቤቴ እንደፈራሁት አልተቃወመችም። ይሁን እንጂ አንድ ሁኔታ አስቀምጣለች፦ መኪናው ተሸፍኖ የሚቀመጥ ጌጥ መሆን የለበትም። ልጆቹን ትምህርት ቤትና ሕፃናት ማቆያ የሚያደርስ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደን፣ አስቤዛም የሚጭን ከሆነ ይገዛ፤ ካልሆነ ግን ለቆመ ብረት ያን ያህል ገንዘብ አናወጣም ባይ ናት። ሲዬናውን ሸጠን በኤፍኤፍ ብቻ እንኑር የሚለው ሐሳብ የመጣው እንግዲህ ከእርሷ ቃል ነው።

የሚያሳስቡኝ ጉዳዮች የሚከተሉት ናቸው። በቨርጂኒያ ሕግ 8 ዓመት ያልሞላው ልጅ ሁሉ ለዕድሜውና ለቁመቱ በሚስማማ የልጅ መቀመጫ መታሰር አለበት፤ 2 ዓመት ያልሞላው ደግሞ የመቀመጫው አምራች ወደ ፊት ለመዞር የወሰነው ክብደት ላይ ካልደረሰ በቀር ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የሚቀመጠው። ልጄ ገና ወደ ኋላ የምትዞር ናት፤ እንዲህ ያለው መቀመጫ ከፊተኛው ወንበር ጀርባ ምን ያህል ቦታ እንደሚበላ ከሲዬናው አውቃለሁ። አማቴ ደግሞ በየክረምቱ ከአዲስ አበባ መጥተው ጥቂት ወራት ይቆያሉ፤ ያን ጊዜ አምስት ስንሆን መኪናው አራት መቀመጫ ብቻ ነው ያለው። ፖርሽ 911ንም አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ዕቃ የሚጫነው ከፊት በኩል ሲሆን፣ በአዲሶቹ ሞዴሎች ይህ ቦታ 130 ሊትር አካባቢ ብቻ በመሆኑ የልጅ ጋሪ አይችልም ብዬ ተውኩት። ስለ በረዶ፣ ስለ ጥገናና ስለ ኢንሹራንስ የምታውቁትን ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ። ወደፊት ጠቅልዬ አገር ቤት ብገባ ይዤው መሄድ እንደምችልም ከወዲሁ ባውቅ ደስ ይለኛል።


የጋራዥ ሰው (ሜሪላንድ)፦

ወንድሜ ባለ ሲዬናው፣ 19 ዓመት ሙሉ የአውሮፓ መኪኖችን ስጠግን ኖሬአለሁ፤ ከእነዚህም ጥቂት የማይባሉት የጣሊያን ነበሩ። በነገራችን ላይ ስለ ፌራሪ በአማርኛ መጻፍ ከእንግሊዝኛው ይቀልለኛል፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኮፈን የምንላቸው የጋራዥ ቃሎቻችን ከዚያው አገር የመጡ በመሆናቸው መኪናው ራሱ የሚሰማኝ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርዎ። በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ፌራሪዎች የሞተራቸው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) በየጥቂት ዓመቱ መቀየር ነበረበት፤ በአንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በኤፍ355፣ ይህን ለመሥራት ሞተሩ በሙሉ ከመኪናው ይወርድ ነበር። የኤፍኤፍ ሞተር በቺንጋ ፈንታ ካቴና (የብረት ሰንሰለት) ስላለው ያ ጭንቀት የለብዎትም። በየቀኑ መነዳትም አይጎዳውም፤ እንዲያውም ባትሪያቸው ሞቶ፣ ጎሚኒዎቻቸው ደርቀው፣ ጎማቸው በአንድ ጎኑ ተጨፍልቆ ወደ እኔ የሚመጡት «ኪሎ ሜትር እንዳይጨምር» ተብለው ወራት ቆመው የከረሙት ናቸው። ስለዚህ ባለቤትዎ ያስቀመጡት ሁኔታ ለእርስዎ ኪስ ባይሆንም ለመኪናው ጤና የሚበጅ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራው ልግባ። ኤፍኤፍ አራቱን ጎማዎች የሚያንቀሳቅስበት መንገድ ከሌሎች መኪኖች የተለየ ነው። ዋናው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) የሚገኘው ከኋላ ነው፤ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞረው ግን ከሞተሩ ፊት ለብቻው የተቀመጠ፣ ጉልበቱን በቀጥታ ከሞተሩ የሚቀበል፣ ሁለት ወደ ፊት የሚያስኬዱ ማርሾች ብቻ ያሉት ትንሽ ካምቢዮ ነው። የዚህ ትንሹ አንደኛ ማርሽ ከዋናው 1ኛና 2ኛ ጋር፣ ሁለተኛው ደግሞ ከ3ኛና ከ4ኛ ጋር ይሠራል፤ ከ5ኛ ማርሽ ጀምሮ መኪናው በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ይሄዳል። አሠራሩ እጅግ ብልህ ነው፤ ከተበላሸ ግን ወጪው በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ሊሆን ስለሚችል፣ ከመግዛትዎ በፊት መኪናውን የሚመረምርልዎ ሰው ይህን ክፍል ነጥሎ እንዲያይ፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረና ከዚህ በፊት ተፈትቶ እንደሆነ ከመዝገቡ እንዲያረጋግጥ ያድርጉ። ምርመራውን ሻጩ በሚያዝዎት ቦታ ሳይሆን እርስዎ በመረጡት ያሠሩ። ፌራሪ በእነዚያ ዓመታት ለሚሸጣቸው መኪኖች 7 ዓመት መደበኛ ሰርቪስ ያለ ክፍያ ይሰጥ ስለነበር፣ የ2012 መኪና ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሟላ መዝገብ ሊኖረው ይገባል። ከሌለው ለምን እንደሌለው ይጠይቁ።

ፍሬኖቹ ካርቦን ሴራሚክ ናቸው። በመንገድ አነዳድ ዕድሜያቸው ረጅም ነው፤ አራቱንም ዲስኮችና ሸራዎች በአንድ ጊዜ መቀየር ከመጣ ግን የአንድ አዲስ ሲዬናን ግማሽ ዋጋ ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ። ጎማዎቹ ከፊት 245/35፣ ከኋላ 295/35 ሆነው ሁሉም ባለ 20 ኢንች ናቸው፤ ፊትና ኋላ ስለማይመሳሰሉ እያዘዋወሩ ዕድሜያቸውን ማራዘም አይቻልም። ጎማው ገና ጥርስ ያለው ቢመስልም በጎኑ ላይ የታተሙትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ጥቂት በተነዳ መኪና ላይ የ10 ዓመት ጎማ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ልጆች የሚሳፈሩበት መኪና በዚያ ጎማ አይነዳም። ስለ በረዶ የጠየቁትም መልሱ ያው ጎማው ነው፦ ለሞቃት ወራት የተሠራ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሲየስ በታች እየደነደነ መንገዱን መያዝ ስለሚያቅተው፣ አራቱም ጎማ ቢጎትቱም ለማቆም አይረዱዎትም። ለብርድና ለበረዶ ወራት የተሠራ ጎማ ለብቻው ይግዙ።

የዋጋው መውረድ አያታልልዎ። የወረደው የመኪናው ዋጋ ነው፤ መለዋወጫው ዛሬም ባለ 300,000 ዶላር መኪና መሆኑን አልረሳም። ለደንበኞቼ የምመክረው በዓመት ቢያንስ 8,000 ዶላር ለጥገና እንዲመድቡና ከዚያ ውጭ የማይነካ 25,000 ዶላር እንዲያስቀምጡ ነው። በኢንሹራንስ በኩል ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ለልዩ መኪኖች የሚሸጠው ረከስ ያለ የስብስብ መኪና ውል አብዛኛውን ጊዜ የዕለት ተዕለት አገልግሎትን አይሸፍንም። ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ የዕለት ተዕለት አገልግሎት ነው። ውሉን ሲፈርሙ እውነቱን ይናገሩ።

በመጨረሻም የዚያ ዘመን የጣሊያን መኪኖች የውስጥ ቁልፎች ልባስ በሙቀትና በዕድሜ እየቀለጠ እንደ ማር ይጣበቃል። ታድሶ ካልሆነ የልጅዎ ጣቶች ጥቁር ሆነው ያገኙዋቸዋል። ይህን የሚያድሱ ሰዎች አሉ፤ ዋጋ ሲደራደሩበት ግን ያንሡት።


የሦስት ልጆች እናት (ሜሪላንድ)፦

ወንድማችን ስለ ካምቢዮው በሚገባ ስለነገሩዎት እኔ መኪናው ውስጥ ስለሚቀመጡት ሰዎች ልናገር። ባለቤቴ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆቻችን ሕፃናት ሳሉ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ነበረው፤ ሦስት ዓመት አብረን ኖርንበት። እንዳልኖርንበት አድርጌ አልናገርም፤ ደስ የሚሉ ቀኖች ነበሩት።

ይሁን እንጂ ልጅ ማሰር ማለት ምን እንደሆነ ወንዶች ሲገዙ አያስቡትም። የፊተኛውን ወንበር ማጠፍ፣ በጠባቡ ክፍተት ግማሽ አካልን ማስገባት፣ በአንድ እጅ ልጁን ይዞ በሌላው ቀበቶ መፈለግ፣ ጭንቅላትን ከጣሪያው ጋር ሳያጋጩ መውጣት ነው፤ በዝናብ ጊዜ ይህ ሁሉ ሲሆን ጀርባዎ ውጭ ነው ያለው። እኔ ሁለተኛዋን የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ የመጀመሪያውን ሳስር አንድ ቀን እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚህም የባሰው የበሩ ርዝመት ነው። ባለ ሁለት በር መኪና በሩ ረጅም ስለሆነ፣ ገበያ ውስጥ ጎንዎ ሌላ መኪና ተጠግቶ ከቆመ በሩ በቂ አይከፈትም፤ ስለዚህ ልጆቹን አጥር ጥግ አቁሞ መኪናውን መጀመሪያ ማውጣት፣ ከዚያ መንገዱ መሐል ላይ ሌሎች ጥሩምባ እየነፉ ልጆቹን መጫን ይመጣል። ኤፍኤፍም ባለ ሁለት በር ነው። ባለቤቴ ይህን ችግር ለመሸሽ ሁልጊዜ ከመደብሩ እጅግ ርቆ ጥግ ላይ ያቆም ነበር፤ እኛም ጋሪ እየገፋን እንሄድ ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ጉዳይም አለ። ነጠላ ለብሶ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ካላለ ወንበር ላይ በጨዋ ደንብ መነሣት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ቅዳሴ ወጥተን መኪናው ዘንድ ስንደርስ ወጣቶቹ ከብበውት እናገኛለን፤ ማንም ስለ ልጆቼ ደኅንነት ሳይጠይቀኝ ስለ ፈረስ ጉልበቱ እጠየቃለሁ። ለማኅበር ተራዬ ደርሶ ዶሮ ወጥ በድስት ስንጭን ደግሞ ባለቤቴ ድስቱን በሦስት ፎጣና በአንድ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እኔን ከኋላ አስቀምጦ በጉልበቴ ደግፌ እንድይዘው አድርጎኛል። በሰዓት 40 ማይል የሚነዳበትን መንገድ በ25 ማይል ነዳው።

ከሁሉም በላይ የከበደኝ ግን ወንበሩም በሩም አልነበረም። ልጁ አፉን የፈታው «አትብላ፣ አትርገጥ፣ አትንካ» ሲባል እየሰማ ነበር ማለት እችላለሁ። አንድ ቀን ወደ መናፈሻ ልንሄድ ስንል «በእማዬ መኪና እንሂድ» አለ፤ ለምን ስንለው «እዚያ ይፈቀዳል» ብሎ መለሰ። ባለቤቴ ያን ዕለት ዝም አለ። መኪናውን አልሸጠውም፤ ነገር ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ራሱ ቸርኬውን ከመንገድ ጠርዝ ጋር ፈግፍጎ ሲመጣ፣ እኔ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሥቆ ገባ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ልጆቹ ከኋላ ሆነው ቆሎ ይበሉ ነበር፤ ስንሸጠው ገዢው ከወንበሩ ሥር ሽምብራ አግኝቷል። ለሦስት ዓመት ከኖርንበት ውስጥ የቤተሰብ መኪና የሆነልን እነዚያን የመጨረሻ ወራት ብቻ ነው።

ስለዚህ እኔ የምጠይቅዎ ስለ ሊትሩ አይደለም። 118,000 ዶላር በከፈሉበት ወንበር ጀርባ ላይ የ6 ዓመት ልጅ የጫማ አሻራ ሲያዩ ምን ይሰማዎታል? ያንን የብስኩት ፍርፋሪ ያዩበት ሰው መልሱን ቀድሞ ያገኘ ይመስለኛል።


ሹፌሩ (ዱባይ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እዚህ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ በሹፌርነት ከሠራሁ 11 ዓመቴ ነው። ግቢው ውስጥ ስማቸውን በልጅነታችን በፖስተር ያየናቸው ሦስት ስፖርት መኪኖች አሉ፤ የዚህ ከተማ ፖሊስ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ላምቦርጊኒና ይኸው እርስዎ የሚሉት ኤፍኤፍ ስላለው መኪኖቹ እዚህ ብዙም አያስገርሙም። ልጆቹን ትምህርት ቤት የማደርሰው ግን ሁልጊዜ በትልቁ መኪና ነው። የአገሩ ሕግ 10 ዓመት ያልሞላውንና ቁመቱ 145 ሴንቲ ሜትር ያልደረሰውን ልጅ ፊት ወንበር ላይ ማስቀመጥ ስለሚከለክል ባለ ሁለት መቀመጫው ገና ከመነሻው ከቁጥር ውጭ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና የቀበቶው ብረት የልጅ ቆዳ ያቃጥላል፤ የኋላው መስታወት የተጋደመ በሆነ መኪና ደግሞ ፀሐዩ የሚያርፈው ልጆቹ አናት ላይ ነው። ቨርጂኒያም በእነዚህ ወራት እንደሚሞቅ ሰምቻለሁ፤ ሲሞክሩት በቀትር ይሞክሩት። ባለጸጎቹ ራሳቸው አሁን እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ገበያ የገባውን ላምቦርጊኒ ኡሩስን፣ ወይም በ2022 የቀረበውን ባለ አራት በሩን ፌራሪ ፑሮሳንግዌ ነው ለቤተሰብ የሚመርጡት። የኋለኛው የኋላ በሮቹ ወደ ኋላ የሚከፈቱ በመሆናቸው ልጅ ለማስገባት ምቹ ናቸው። ዋጋውን ግን የጠየቁት የኤፍኤፍ ዋጋ ላይ ሦስት ጊዜ ደርበው ያስቡት።


ከአዲስ አበባ፦

ይዘው ስለመግባት ለጠየቁት፦ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ባይከለከልም ኖሮ በእኛ ሰፈር መግቢያ ላይ ነዋሪው ራሱ የሠራው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ፤ የኔ አሮጌ ኮሮላ እንኳ ሆዱን እያሸ ነው የሚያልፈው። የእርስዎ መኪና ፓራውልቱን እዚያው ትቶ ይገባል።


ባለ ሲዬናው፦

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የጋራዥ ሰው የሰጡኝን ዝርዝር አትሜ ይዤዋለሁ። ለሦስት ልጆች እናት ጥያቄ ግን ወዲያው መመለስ አልቻልኩም፤ መልእክትዎን ለባለቤቴ ሳነብላት ድስቱ ዘንድ ስንደርስ ሣቀች፣ «እዚያ ይፈቀዳል» የሚለው ዘንድ ስንደርስ ግን ሁለታችንም ዝም አልን። አንድ ወዳጄ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ 106 ብቻ የተሠራው ማክላረን ኤፍ1 ሹፌሩን መሐል ላይ አስቀምጦ በግራና በቀኝ ሁለት ሰው ይይዛል፣ አንተና ሁለቱ ልጆችህ ትበቃላችሁ ብሎኛል። ባለቤቴ የት ትቀመጥ ብለው «ሲዬናው አለ» አለኝ።

ቅዳሜ ከሻጩ ጋር ተቀጣጥረናል። ሁለቱንም የልጅ መቀመጫዎች፣ ጋሪውንና ልጆቹን ይዘን እንሄዳለን።


የጋራዥ ሰው፦

መልካም። የልጅቷን መቀመጫ ከባለቤትዎ ወንበር ኋላ ያስሩት እንጂ ከእርስዎ ኋላ አይሁን፤ ረጅም ከሆኑ መሪው ደረትዎ ላይ ይመጣል። ካሰሩት በኋላ ባለቤትዎ ፊት ይቀመጡና ጉልበታቸው ከዳሽቦርዱ ምን ያህል እንደሚርቅ ይለኩ። ደግሞም የሙከራ ጉዞው ላይ ይጠንቀቁ፤ በቨርጂኒያ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት እንደ ግድ የለሽ አነዳድ ተቆጥሮ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ የሚያስከትል ወንጀል ነው። ይህ መኪና 85 ማይል ሲደርስ ገና ማፏጨት የጀመረ ነው የሚመስልዎት።


ባለ ሲዬናው፦

ቃል በገባሁት መሠረት የቅዳሜውን ላካፍላችሁ።

የወንዱ ልጄ ቡስተር (ከፍ የሚያደርገው የልጅ መቀመጫ) ከእኔ ወንበር ኋላ ያለ ችግር ገባ፤ ራሱ ዘሎ ገብቶ ራሱ ታሰረ፣ የኋለኛው ወንበር ለእርሱ ዙፋን ሆነለት። ጋሪው ታጥፎ በዕቃ መጫኛው ገባ፤ ጎኑ ላይ ለሁለት የአስቤዛ ከረጢት የሚሆን ቦታ ተረፈ። ሻጩ ጋሪውን ስናስገባ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የልጅቷ መቀመጫ ግን ገብቶም አልገባም ማለት እችላለሁ። ፊቷን ወደ ኋላ አዙረን በአግባቡ ዘንበል ብሎ እንዲቀመጥ ስናደርገው የባለቤቴ ወንበር ወደ ፊት እስከ መጨረሻው ተገፋ፤ ቁጭ ስትል ጉልበቷ ከዳሽቦርዱ ጋር አራት ጣት ያህል ብቻ ነው የቀረው። እንዲያም ሆኖ የፊት ኤርባጉ እንዲህ ተጠግቶ ለሚቀመጥ ሰው አደገኛ መሆኑን ስለማውቅ ሻጩ «ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚነዳው» ሲለኝ አልተቀበልኩትም። ልጅቷን ለማሰር ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ በሦስተኛው ጭንቅላቷን መታች፤ ከዚያ ወጥታ ኮቷን አስተካክላ «አንተ ሞክር» አለችኝ። ሞከርኩ። ወገቤ ዛሬም ይዞኛል።

ከሙከራ ጉዞው ስንመለስ ልጄ በሩ ደፍ ላይ ጫማውን አሳርፎ ወረደ፤ አሻራው ቀረ። የሦስት ልጆች እናት የጠየቁኝን አስታውሼ ራሴን አዳመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ደንገጥ ብሏል፤ መኪናው የእኔ ባይሆንም እንኳ መሐረቤን አውጥቼ ጠረግሁት። ባለቤቴ አየችኝ።

ሲዬናው አይሸጥም። ልጅቷ ፊቷን ወደ ፊት የምታዞርበት ጊዜ ሲደርስ፣ ማለትም ከስድስት ወር በኋላ፣ እንደገና እንሞክረዋለን ብለን ተስማምተናል፤ ያኔ ይህ መኪና ካልተሸጠ እሰየው፣ ከተሸጠ ሌላ እንፈልጋለን። አማቴ የሚመጡበት ክረምትም እስከዚያው ያልፋል። የጋራዥ ሰው፣ ለምርመራው የሚሆን ቦታ በግል ብትጠቁሙኝ ከወዲሁ አመሰግናለሁ፤ የጎማዎቹ ቁጥር 3716 ነበር።


የጋራዥ ሰው፦

37ኛው ሳምንት፣ 2016። ልጆቹን በዚያ ጎማ ይዞ ለሙከራ መውጣቱ ራሱ አልነበረበትም። የምርመራውን ቦታ በግል እልክልዎታለሁ፤ ለሻጩ ግን አራቱንም ጎማ ቀይሮ እንዲጠብቅዎ ከአሁኑ ይንገሩት።